ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ
ሞተር ብስክሌት በቤት ፈትቶ ማደስን ስለ መማር

አንድ ሥራ ተሠርቶ ካበቃ በኋላ ማንም ሊያየው የማይችል ከሆነ፣ ሠሪውን በጥንቃቄ እንዲሠራ የሚያስገድደው ምንድን ነው? ጥያቄው የቆየ ነው፤ ፈላስፎችም የሥነ ምግባር መምህራንም ብዙ ተመራምረውበታል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከመጽሐፍ መደርደሪያ አውርደን፣ በአሮጌ ጨርቅ ላይ ተፈትቶ በተዘረጋ የሞተር ብስክሌት ሞተር ፊት ልናስቀምጠው ወደድን። ግንበኛ ግድግዳው ቢጣመምበት መንገደኛ ያየዋል፤ ሸማኔ ጥለቱ ቢዛነፍበት ለባሹ ያውቀዋል። ሞተር ግን ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ በጥንቃቄ የተገጠመውም በግዴለሽነት የተገጠመውም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሁለቱም ይነሣሉ፤ ሁለቱም ለጥቂት ቀን ይሄዳሉ።

በገጠር ቁምስና የሚያገለግል ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሞተር ብስክሌት በእኛ ዘንድ የመዝናኛ ዕቃ አይደለም። መኪና በማይገባበት መንገድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩን ወደ ሩቁ ጸሎት ቤት፣ የጤና ሠራተኛዋን ወደ ቀበሌው፣ አንዳንድ ጊዜም ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ እርሱ ነው። ሲበላሽ ደግሞ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ከተማ መሄድ፣ እዚያም ተራ መጠበቅ ግድ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ነው ከሁለት ዓመት ወዲህ ሥራውን በቤታችን ጓሮ መማር የጀመርነው። ካህን እጁ በግራሶ ጠቁሮ ሲያዩት የሚገረሙ ምእመናን አልጠፉም። መገረማቸው አያስደንቅም፤ የእጅ ሙያ በአገራችን ለረጅም ዘመን የተናቀ ነበርና። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ማንም ሰው ሠራተኛን በሙያው እንዳይሳደብ ዐዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው የንቀቱን ጥልቀት ያሳያል። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ የንቀቱን ርዝራዥ ግን ዛሬም በየቤታችን አናጣውም። ልጃችን መካኒክ ልሁን ቢለን ፊታችን ምን እንደሚመስል እያንዳንዳችን እናውቀዋለን።

የምንማርበት ሞተር በሆንዳ ሲጂ 125 ንድፍ የተሠራ፣ አንድ ሲሊንደር ያለው ባለ አራት ምት ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 56.5 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 49.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ይዘቱ 124 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ሆንዳ ይህን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ያወጣው በታዳጊ አገሮች ያለውን አያያዝ አስቦ ነው። ቫልቮላዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ካም ከላይ ከቴስታታው ውስጥ ሳይሆን ከታች በዘይቱ አቅራቢያ እንዲቀመጥ፣ እንቅስቃሴውም በዘንጎች ወደ ላይ እንዲተላለፍ አድርገው ሠሩት፤ ዘይት በጊዜው ባይቀየርም፣ ብዙ ጭነት ቢጫንበትም እንዲችል ማለት ነው። በብራዚልና በፓኪስታን ሲመረት ኖሯል፤ የቻይና ፋብሪካዎችም በንድፉ እጅግ ብዙ ሞተሮች ሠርተዋል። ይህን ስናነብ አንድ ነገር ልባችንን ነካው። እነዚያ መሐንዲሶች ፈጽሞ የማያገኙትን፣ ምናልባትም ዘይት መቀየር የሚረሳን ሰው አስበው ሠሩለት እንጂ በስንፍናው አልፈረዱበትም።

ሥራው የሚጀምረው ግን በመፍታት አይደለም። ጀማሪ ሁሉ መፍቻ ሲይዝ እጁ ይቸኩላል፤ የመጀመሪያው ትምህርት ሳይከፍቱ መጠየቅ ነው። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ወደ ሰማያዊ ካደላ ሞተሩ ዘይት ያቃጥላል። ዘይቱ በየት በኩል ይገባል? ካንዴላው ይነቀልና በቀዳዳው ላይ የግፊት መለኪያ ተገጥሞ ሞተሩ ይረገጣል፤ ቁጥሩም ይመዘገባል። ከዚያ በቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ይንጠባጠብና እንደ ገና ይለካል። ግፊቱ ጎላ ብሎ ከጨመረ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ዘግቶታል ማለት ነው፤ እንግዲያው የበላው ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ወይም ሲሊንደሩ ራሱ ነው። ካልጨመረ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥርጣሬው ወደ ቫልቮላዎቹ ይዞራል። ሁለት ልኬት፣ ጥቂት ጠብታ ዘይት፣ ዐሥር ደቂቃ! ይህ ሁሉ የሚደረገው በሌላው ላይ ከመፍረድ በፊት ነው ብንል የሚያጋንን አይመስለንም፤ ያልበላውን ቫልቮላ የበላ ነው ብሎ መወርወርም ፍርድ ነውና።

በ1974 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካዊው የሮበርት ፐርሲግ መጽሐፍ፣ ዜንን ከሞተር ብስክሌት ጥገና ጋር በርእሱ ያጣመረው፣ ስለዚህ ጉዳይ የሚጠቅም ታሪክ ይዟል። ጸሐፊው ሞተሩ ሲበላሽበት ወደ ጥገና ቤት ይወስደዋል። መካኒኮቹ ወጣቶችና ፊታቸው ብሩህ የሆነ፣ ሬዲዮ ከፍተው የሚሠሩ ናቸው፤ ፒስተን ይለውጣሉ፣ ይደበድባሉ፣ ችግሩ ግን ይብሳል። በመጨረሻ ምክንያቱ ዋጋዋ ሃያ አምስት ሳንቲም የሆነ፣ በዘይት ማስተላለፊያው ውስጥ የተቆረጠች አንዲት ፒን ሆና ተገኘች። የጸሐፊው ሐዘን መካኒኮቹ አለማወቃቸው አልነበረም፤ በገዛ ሥራቸው ላይ ተመልካች ሆነው መቆማቸው ነበር እንጂ። በመጽሐፉ ፍልስፍና በሁሉም አንስማማም፤ ረጅምና አንዳንድ ቦታም የተወሳሰበ ነው። በዚህ ነጥብ ግን እውነቱን ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1968 ከልጁ ጋር ከሚኒሶታ ወደ ካሊፎርኒያ የተጓዘባት ሆንዳ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ትገኛለች።

ወደ ጓሯችን እንመለስ። ዘይቱ ይቀዳል፤ ካርቡራተሩና ማርሚታው ይወርዳሉ፤ ከዚያም ቴስታታው፣ ቀጥሎም ሲሊንደሩ ወደ ላይ ይሳባል። የወጣው ዕቃ ሁሉ በወጣበት ተራ ይደረደራል፤ እኛ የእንቁላል መያዣ ካርቶን እንጠቀማለን፣ በየጉድጓዱም ቁጥር እንጽፋለን። የእጅ ስልክ ፎቶግራፍም በዚህ ላይ ትልቅ ረዳት ነው። ዛሬ በስልክ የሚታዩ የማስተማሪያ ፊልሞች ሙሉውን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሳያሉ፤ ለእነርሱም ምስጋና ይገባል። ሆኖም ፊልሙ ያንን ሰው እጅ እንጂ የእኛን እጅ አያስተምርም። ብሎን ሊበጠስ ሲል ከመጥበቅ ይልቅ በድንገት የሚለሰልስበት አንድ ቅጽበት አለ። ይህን ቅጽበት ማንም በቃል ሊነግረን አልቻለም፤ አንጓችን ብቻ ነው የሚያውቀው። መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ይህን ከማንም ይልቅ የምትረዱ ይመስለናል። ሕፃኑ መልሱን በቃሉ ካጠና በኋላም ገና ያልተማረው ብዙ ነገር አለና።

ከመለካት ጋር የተያያዘው ክፍል ለብዙ ጀማሪ አሰልቺ ነው፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሆኖ ተገኝቷል። አዲሱ ፋሻ በባዶው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፤ እንዳይጋደል በፒስተኑ አናት ቀስ ተብሎ ይገፋል፤ ከዚያም በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት በቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ይለካል። ክፍተቱ ከተፈቀደው ከበለጠ ጋዝ ያመልጣል፤ ካነሰ ደግሞ ፋሻው በሙቀት ሲረዝም ጫፎቹ ይጋጫሉ፤ ይሰበራልም። ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫም ይለካል፤ አበላሉ እኩል አይደለምና። ከልኩ ካለፈ ወደ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ይሞረዳል፤ በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 ወይም በ1 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ፒስተንም ይፈለግለታል። የቫልቮላው ክፍተት ደግሞ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ያህል ማለት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ‹‹ይመስለኛል›› የሚለው ቃል ቦታ የለውም። ጣት ለስላሳ ነው ያለውን ግድግዳ መለኪያው ሞላላ ነው ይለዋል፤ ሁለቱ ሲጋጩም የሚረታው ጣት አይደለም። የራሳችን ግምት በእንዲህ ያለ ጸጥተኛ ዳኛ ፊት ተሸንፎ መቆም የሚችልበት ቦታ በኑሯችን ውስጥ ብዙ አይደለም።

ስለ መለዋወጫ ግዢ ብዙ አንልም። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀሙት እንደሚባለው፣ ሻጩ ዕቃውን እንዴት እንደምንይዝ አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። የተለካ ቁጥር በወረቀት ይዞ የሄደ ሰው ግን እምብዛም አይታለልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ፒስተኑን ከቢዬላው ጋር የሚያገናኘው ፒን ከቦታው እንዳይወጣ በግራና በቀኝ በሁለት ትናንሽ የሽቦ ቀለበቶች ይያዛል። ሲፈቱም ሲገጠሙም የሞተሩ አፍ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን አለበት፤ ቀለበቱ ተስፈንጥሮ ከገባ ሞተሩን በሙሉ ሊያስፈታ ይችላልና። ሕጉ አሮጌው ቀለበት ተመልሶ አይገባም ይላል፤ አንዴ የተጨመቀ ሽቦ ጥንካሬው ይቀንሳል። የአንዱ ዋጋ እጅግ ትንሽ ነው። ነገር ግን መሽቷል እንበል፤ አዲሱ ቀለበት አልመጣም፤ ሱቁ በከተማ ነው፤ አሮጌውም ለዓይን ምንም አልሆነም። ሲሊንደሩ ከወረደ በኋላ ማንም አያየውም። ሞተሩ በደቂቃ ስድስት ሺህ ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል፤ ያ ቀለበት ይህን ሁሉ መቻል አለበት። ከወጣ ፒኑ ወደ ጎን እየሄደ ሲሊንደሩን ያርሰዋል። ላይወጣም ይችላል! ምናልባትም ዓመት ሙሉ ይቆይ ይሆናል።

አርስቶትል ለኒቆማኮስ በተሰየመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስም እርሱን ተከትሎ፣ በሙያና በአስተዋይነት መካከል ያስቀመጡት ልዩነት እዚህ ላይ ይረዳናል። በሙያ ረገድ ዐውቆ የሚሳሳት ሳያውቅ ከሚሳሳት ይሻላል። ሰዋስው ዐዋቂ ለማሳየት ሲል ቃሉን አጣሞ ቢጽፍ ዕውቀቱ አይነቀፍም። በአስተዋይነትና በምግባር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዐውቆ የሚሳሳተው የከፋ ነው። እንግዲህ አሮጌውን ቀለበት ዐውቆ የሚመልሰውን መካኒክ በዚህ ሚዛን እንመዝነው። ሙያው አልጎደለም፤ ምን ማድረግ እንደሚገባው ከማንም በላይ ያውቃል። የጎደለው ሰውየው ነው። ሙያ ብቻውን ሲጠየቅ በዚህ ሰው ላይ የሚያቀርበው ክስ የለውም፤ ክሱ የሚመጣው ከሌላ ችሎት ነው። ጀማሪውስ? ጀማሪው ፋሻውን ገልብጦ ቢገጥም ሙያው ጎደለ እንጂ ሰውነቱ አልጎደለም፤ ተምሮ ይስተካከላል። ነገር ግን መገልበጡን ጠርጥሮ እንደ ገና መክፈት ስለ ሰለቸው ብቻ ዝም ካለ፣ በዚያች ቅጽበት ከመጀመሪያው ሚዛን ወደ ሁለተኛው ተሻግሯል። ይህ መሻገሪያ በጣም ጠባብ ነው፤ ድምፅም የለው።

ያው አርስቶትል ሌላም ነገር አስተውሏል። ቤት በመሥራት ግንበኛ እንሆናለን፤ ነገር ግን በደኅና በመሥራት ደኅና ግንበኛ፣ በክፉ በመሥራት ክፉ ግንበኛ እንሆናለን። ስለዚህ ‹‹ልምድ ያስተምራል›› የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ልምድ ስንፍናንም ያስተምራል። በጋራዥ ውስጥ ለማጅ ‹‹ይበቃል›› ሲል ‹‹አይበቃም›› የሚለው አለቃ በአጠገቡ አለ። በቤቱ የሚማር ሰው ይህ አለቃ የለውም። ሞተሩ ራሱ ይፈርዳል ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ሞተር ማባበልም ማዕርግም አያውቅም። ፍርዱ ግን ይዘገያል፤ አንዳንዴም የሚወድቀው በሠሪው ላይ ሳይሆን በሌላ ሰው ላይ ነው። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ከሚገባው ካነሰ፣ ፒስተኑ በሙቀት አብጦ ሊጣበቅ ይችላል። ያን ጊዜ የኋላው ጎማ በድንገት ይቆለፋል፤ ጋላቢው ፍሪሲዮኑን ፈጥኖ ካልያዘ በቁልቁለት ላይ ይጣላል። ያ ጋላቢ ምናልባት ሁለት ልጆች ከኋላው ያፈናጠጠ ሰው ነው፤ መለኪያ የሚባል ነገር በእጁ ይዞ አያውቅም፤ እኛን አምኖ ብቻ ተቀምጧል።

በዚህ ላይ ጓደኞቻችን አንድ ተቃውሞ አቅርበውልናል፤ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ‹‹ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው፤ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ለባለሙያ ለምን አትተዉለትም? እርሱም በዚህ ይተዳደራል፤ እንጀራውን ለምን ትሻሙታላችሁ?›› ይሉናል። ስለ እንጀራው ያየነውን እንናገር። ሞተር አንድ ጊዜ እንኳ ፈትቶ የገጠመ ሰው ከመካኒክ ጋር በዋጋ መከራከር ያፍራል። ከዚህ በፊት ‹‹ለሁለት ሰዓት ሥራ ይህን ሁሉ?›› የምንል ነበርን፤ አሁን ሁለቱ ሰዓት ውስጥ ምን እንዳለ እናውቃለን። ስለ አደጋው ግን ተቃውሞው ግማሽ መንገድ ያሸንፈናል። ሲሊንደር መሞረድ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። የኮሎውና የቢዬላው መገጣጠሚያ የሚፈታውና የሚገጠመው በከባድ መጭመቂያ ነው፤ ከዚያም በኋላ መስመሩን መጠበቁ መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ በቤት አይነካም። ቢዬላውን በእጅ ይዘን ወደ ላይና ወደ ታች ስንስበው ክፍተት ከተሰማን ሥራችን እዚያ ላይ ያበቃል፤ ወደ ባለሙያው ይሄዳል። ወደ ጎን ጥቂት መንቀሳቀሱ የተፈቀደ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን አይደለም። የዕውቀታችንን ወሰን በዚህ ያህል ግልጽነት የሚያሳየን ሌላ ትምህርት ቢኖር ደስ ባለን።

ከሁሉ የሚከፋው በገበያ የሚሠራው ነው። ያረጀ ሞተር ሊሸጥ ሲል ወፍራም ዘይት ይሞላበታል፤ ጭሱ ይቀንሳል፣ መንኳኳቱም ለጊዜው ይደክማል። ገዢው አንድ ዙር ነድቶ ይረካል። ሻጩ አንድም የሐሰት ቃል አልተናገረም፤ ‹‹ነድተህ ሞክረው›› ብቻ ነው ያለው። ሐሰቱን የተናገረለት ዘይቱ ነው። ይህን ሻጭ ውሸታም ለማለት የማይደፍሩ ሰዎች አጋጥመውናል፤ ‹‹ገበያ ነው›› ይላሉ። እኛ ግን ያንን ዘይት የሚሞላ እጅና ያንን አሮጌ ቀለበት የሚመልስ እጅ አንድ እጅ ነው ብለን እናምናለን። ልዩነቱ አንደኛው ገንዘብ ሲፈልግ ሌላው እንቅልፍ መፈለጉ ነው።

እንግዲህ ቀለበቱ በጠዋት መጣ እንበል። የቀለበቱ ክፍት ጫፍ በፒስተኑ ላይ ካለው ጥርብ ጋር እንዳይገጥም ተደርጎ ይገባል። የፋሻዎቹ ምልክት ያለበት ገጽ ወደ ላይ ይሆናል፤ ክፍተቶቻቸው በአንድ መስመር እንዳይውሉ ይበተናሉ። ሁሉም በንጹሕ ዘይት ይቀባል። ጓርኒሲዮኑ አዲስ መሆን አለበት። የቴስታታው ዳዶዎች በመስቀለኛ ተራ፣ በሁለትና በሦስት ዙር፣ መመሪያው በሚያዝዘው ኃይል ይጠብቃሉ። ከዚያም ይረገጣል።

ሲነሣ የሚሰማው ደስታ እውነተኛ ነው፤ አንክደውም። ነገር ግን መነሣቱ ገና ምንም አላረጋገጠም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ቁልፉን ሊቀበሉ መጥተው ‹‹አሁን ደኅና ነው?›› ብለው ሲጠይቁን፣ ‹‹አዎን›› የሚለው መልስ ከምናውቀው ይበልጣል። ስለዚህ ከቁልፉ ጋር አንዲት ወረቀት እንሰጣቸዋለን። በአንድ ወገን የለካነውና የለወጥነው ከነቁጥሩ፣ በሌላው ወገን ያልነካነው ተጽፎባታል፤ ኮሎ፣ ካምቢዮ፣ የዘይት ፓምፕ። ከሥር ደግሞ እስከ 500 ኪሎ ሜትር ድረስ ሙሉ ጋዝ እንዳይሰጡት፣ በረጅም መንገድም በአንድ ፍጥነት ብቻ እንዳይነዱት፣ ሰው እንዳያፈናጥጡ፣ በመጀመሪያው ሳምንትም በየማታው የዘይቱን ልክ እንዲያዩ ተጽፏል። 500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይመልሱታል፤ ዘይቱ ገና ትኩስ ሳለ ተቀድቶ በነጭ ጨርቅ ላይ ይፈስሳል፤ ከእርሳቸው ጋር ሆነንም ጨርቁን ወደ ፀሐይ አቅርበን የሚያብረቀርቀው ዱቄት ነው ወይስ ቅርፊት የሚለውን እናያለን።